ሂትሱማቡሺ፡ አቦል፣ ቶናና በረካ ያለው የናጎያ ምግብ

በዚህ ዓምድ ስለ አዋጅና ስለ ፍርድ ቤት እንጂ ስለ ምግብ ጽፌ አላውቅም፡፡ የሕግ ሰው ስለ ሆዱ ሲጽፍ ያስተዛዝባል የሚል ፍርሃትም ነበረብኝ፡፡ ይሁን እንጂ ከጃፓን ጉዞዬ ስመለስ ያገኘሁት ወዳጅ ሁሉ ስለ ፈጣኑ ባቡርና ስለ መንገዱ ንጽህና ከሰማ በኋላ «ለመሆኑ ምን በላህ?» ማለቱ አልቀረም፡፡ «እባብ የሚመስል ዓሣ» ስል ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ያማትባል፡፡ እያንዳንዱን ለብቻው ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ፡፡ ወደዚያ አገር የሚሄድ አንባቢ መመሪያ ይሆነዋል፡፡ የማይሄደውም ቢሆን ከነገሩ ውስጥ የሚተርፍ ቁም ነገር አያጣበትም ብዬ አምናለሁ፡፡ በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ጋባዤ ከሃያ ዓመት በፊት ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የሕግ ሥልጠና ላይ የተዋወቅኋቸው ጡረተኛ ጠበቃ ናቸው፡፡ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ የሕግ ተማሪ ነበሩ፤ ማራቶኑ ባለፈበት በኮሹ ካይዶ ጎዳና ዳር ቆመው አበበ ቢቂላን በዓይናቸው አይተዋል፡፡ «ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ሰምተን ስለነበር እግሩን ለማየት ተጋፋን፡፡ እሱ ግን ጫማ አድርጎ መጣ» ብለው ሁልጊዜ ይስቃሉ፡፡ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሲያገኙ የሚያደርጉትን ያጡት ያን ጊዜ ጀምሮ ነው፡፡

ገና ናጎያ ባቡር ጣቢያ ሲቀበሉኝ «ኡናጊ የምበላው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፡፡ የዘንድሮውን እርስዎ እስኪመጡ አቆይቼዋለሁ» አሉኝ፡፡ ዋጋው ስለሚወደድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፡፡ ነገሩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ገበታው ከተነሣ በኋላ ነበር፡፡

ምግቡ ምንድን ነው?

ናጎያ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል የምትገኝ፣ በሕዝብ ብዛት ከጃፓን ከተሞች አራተኛ የሆነች የአይቺ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፡፡ ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፡፡ ቶዮታ መኪና የሚሠራው በዚሁ አካባቢ ነው፡፡ የከተማዋ ሰዎች በሁለት ነገር ይታወቃሉ ይባላል፤ አንዱ ቁጠባ ሲሆን ሁለተኛው ሌላው ጃፓናዊ የማያውቀው የራሳቸው ምግብ ያላቸው መሆኑ ነው፡፡ ከነዚህም አንዱ ሂትሱማቡሺ ነው፡፡

ቃሉ ከሁለት የተገጠመ ነው፡፡ «ሂትሱ» ማለት የበሰለ ሩዝ የሚቀመጥበት ክዳን ያለው ክብ የእንጨት ዕቃ ነው፡፡ «ማቡሺ» ደግሞ ማልበስ፣ መነስነስ፣ መለወስ ከሚል ግሥ የመጣ ነው፡፡ በከሰል የተጠበሰ ኡናጊ በቀጫጭኑ ተከትፎ፣ በእንጨት ዕቃው ውስጥ ያለው ሩዝ ላይ ይነሰነሳል፡፡ ምግቡ ይኸው ነው፡፡ ልዩ የሚያደርገው አበላሉ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ፡፡

ኡናጊ ማን ነው?

ኡናጊ ከሩቅ ሲያዩት እባብ ነው፡፡ ረዥም፣ ሙልጭልጭ፣ ጠቆር ያለ ጀርባና ነጣ ያለ ሆድ አለው፡፡ ነገር ግን በስንጥቡ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው፡፡ የሕይወት ታሪኩ ከማንኛውም የወንዝ ዓሣ ይለያል፡፡ የሚያድገው በጃፓን፣ በቻይና፣ በኮሪያና በታይዋን ወንዞችና ሐይቆች ሆኖ ሳለ የሚወለደው በወንዝ አይደለም፡፡ ለመውለድ ሲደርስ ወንዙን ትቶ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፤ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በፓስፊክ ውቅያኖስ ከማሪያና ደሴቶች በስተምዕራብ ባለ ጥልቅ ባሕር አንድ ጊዜ ይወልድና እዚያው ይሞታል፡፡ ልጆቹ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋና ብርሃን አሳላፊ ሆነው በባሕር ሞገድ እየተንሳፈፉ ወራት ይጓዛሉ፡፡ በክረምትና በጸደይ ወራት ጃፓን የወንዝ አፍ ሲደርሱ እንደ መስተዋት የጠሩ ጥቃቅን ዓሦች ሆነዋል፡፡ ጃፓኖች «ሺራሱ ኡናጊ» ይሏቸዋል፡፡

ይህ የትውልድ ቦታ ለረዥም ዘመን ምስጢር ሆኖ ቆይቷል፡፡ ፕሮፌሰር ካትሱሚ ትሱካሞቶና ባልደረቦቻቸው አሥርተ ዓመታት ከፈጀ ፍለጋ በኋላ የኡናጊን እንቁላል በክፍት ባሕር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በ2009 ነው፡፡ ሰው ጨረቃን ከረገጠ አርባ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፡፡

እኔ በገበታው ፊት ስቀመጥ ያስጨነቀኝ ግን የትውልድ ቦታው አልነበረም፡፡ ያደግሁት ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በማይበላበት ቤት ነው፡፡ ጣና ዳር ያሉ ዘመዶቼ አምባዛ መረብ ውስጥ ሲገባ ፊታቸውን የሚያዞሩ ናቸው፡፡ ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ጾም ነው ብዬ ማምለጥ አልቻልኩም፡፡ ጭንቀቴን ለሽማግሌው ስነግራቸው እንደ ጠበቃ አሰቡና «ኡናጊ እኮ ቅርፊት አለው፤ ከቆዳው ሥር የተቀበረ፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ቅርፊት» አሉኝ፡፡ እውነት ነው፤ የዓሣ ሊቃውንትም ይህንኑ ይመሰክራሉ፡፡ የኦሪትን ሕግ ለሚጠብቁ ሰዎች ግን በዓይን የማይታይ ቅርፊት ቅርፊት እንዳልሆነ አውቃለሁ፡፡ ጥብቅና የለመደ ሰው ምክንያት አያጣም፤ ምክንያት ማግኘትና ፍርድ ማግኘት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ በይደር አቆይቼ በላሁ፡፡ ማታ ስልክ ስደውል ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና እባብ መብላት ጀመርክ?» ማለቷን አልደብቅም፡፡

አዘገጃጀቱ

ስለ ኡናጊ አጠባበስ ጃፓን ለሁለት የተከፈለች ናት፡፡ በቶኪዮ አካባቢ ዓሣው የሚሰነጠቀው በጀርባው በኩል ነው፡፡ ቶኪዮ የሳሙራይ ከተማ ስለነበረች ሆድ መሰንጠቅ የሞት ቅጣትን ያስታውስ ነበርና ነው ይባላል፡፡ ከዚያ መጀመሪያ ይጠበሳል፣ ቀጥሎ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያም ስጎ እየተቀባ እንደገና ይጠበሳል፡፡ ውጤቱ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ለስላሳ ሥጋ ነው፡፡ በኦሳካ በኩል ግን በሆዱ ይሰነጠቅና እንፋሎት ሳይነካው በቀጥታ ከሰል ላይ ይወጣል፡፡ ናጎያም በአጠባበስ ወደዚህኛው ታደላለች፡፡ ቆዳው ቆርቆር ይላል፣ ሥጋው ጠንከር ይላል፣ የራሱ ስብ ከሰሉ ላይ እየተንጠባጠበ የሚያስነሣው ጢስ መልሶ ያጥነዋል፡፡ ተከትፎና ፈሳሽ ፈስሶበት የሚበላ ምግብ ለስላሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይላሽቅ ነበር፤ ስለዚህ የናጎያው አጠባበስ ከአበላሉ ጋር የተስማማ ነው፡፡

ስጎው የሚሠራው ከአኩሪ አተር ስጎ፣ ከስኳርና ሚሪን ከሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ነው፡፡ ነባር ቤቶች የስጎውን ማሰሮ አያራቁቱም፤ በጎደለው ላይ አዲስ እየጨመሩ ከአባት ወደ ልጅ ያሸጋግሩታል፡፡ የእርሾን ነገር ለሚያውቅ የአገራችን ሴት ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፡፡

ሙያው ቀላል አይደለም፡፡ ጃፓኖች «ለመሰካት ሦስት ዓመት፣ ለመሰንጠቅ ስምንት ዓመት፣ ለመጥበስ ዕድሜ ልክ» የሚል አባባል አላቸው፡፡ ከመቀመጫችን ፊት ለፊት በመስተዋት በኩል የሚታየው ጠባሽ ስድሳዎቹን የተሻገረ ሰው ነበር፡፡ የከሰሉን ሙቀት በእጁ መዳፍ እየለካ፣ ሹል ብረት ላይ የተሰካውን ዓሣ ያገላብጣል፡፡ ከአጠገቡ የቆመው ወጣት የሚያደርገው ነገር ማየት ብቻ ነበር፡፡ የኡናጊ ደም ጥሬውን መርዛማ ነው፤ ሙቀት ሲነካው መርዙ ይጠፋል፡፡ ጥሬ ዓሣ የሚወደው ጃፓናዊ ይህን ዓሣ ከእሳት የማያስቀረውም በዋነኛነት ለዚህ ነው፡፡

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

አሁን ወደ አበላሉ ልምጣ፡፡ አስተናጋጇ በትሪ ላይ ክዳን ያለው የእንጨት ዕቃ፣ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን፣ የእንጨት ጭልፋ፣ በትናንሽ ሳህን የተለያዩ ማጣፈጫዎች፣ በማንቆርቆሪያ የሞቀ መረቅና ከኡናጊው ጉበት የተሠራ ቀጭን ሾርባ አመጣች፡፡ ክዳኑ ሲነሣ የሚወጣው ሽታ በሠርግ ቤት ጓሮ ያለ የጥብስ ጢስ ላይ ትንሽ ስኳር የጨመሩበት ይመስላል፡፡

ሽማግሌው ጭልፋውን ያዙና ምግቡን እንደ መስቀል አድርገው አራት ቦታ ከፈሉት፡፡ አራቱ ክፍሎች በአራት ዓይነት መንገድ ነው የሚበሉት፡፡

የመጀመሪያው ሩብ ወደ ሳህን ወጥቶ ምንም ሳይጨመርበት እንዲሁ ይበላል፡፡ ዓሣውን፣ ስጎውንና ሩዙን በራሳቸው ለማወቅ ነው፡፡ በስስት ቆዳውን ነከስኩት፤ ቆርቆር አለና ውስጡ ቅቤ ሆኖ ቀለጠ፡፡ እባቡን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው፡፡

ሁለተኛው ሩብ በማጣፈጫ ይበላል፡፡ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ ኖሪ የሚባል የደረቀ የባሕር አረምና ዋሳቢ ይጨመርበታል፡፡ ዋሳቢን ለማያውቅ አንባቢ የኛን ሰናፍጭ ያስብ፤ ምላስን ሳይሆን አፍንጫን ነው የሚመታው፡፡ የኡናጊው ስብ ግን ያበርደዋል፣ ዋሳቢውም በተራው የስቡን ክብደት ያቀለዋል፡፡

በሦስተኛው ሩብ ላይ ማጣፈጫው እንዳለ ሆኖ የሞቀው መረቅ ይፈስበታል፡፡ መረቁ ዳሺ የሚባለው፣ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም የሚወጣው ነው፤ በአንዳንድ ቤት ሻይ ይሆናል፡፡ ጠንካራው ጣዕም ሁሉ ይለሰልስና ሾርባ መሰል ነገር ሆኖ ሆድን ያሳርፋል፡፡

አራተኛው ሩብ የበላተኛው ፈቃድ ነው፡፡ ከሦስቱ የወደዱትን መርጠው ይደግማሉ፡፡

ይህን ሲያስረዱኝ ሳላስበው በአማርኛ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» አልኩ፡፡ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የቡናችንን ሥርዓት ነገርኳቸው፡፡ ከአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ እንደሚቀዳ፣ የመጀመሪያው ብርቱ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ቀጭን ሆኖ ሳለ ምርቃቱ ያለው ግን በሦስተኛው መሆኑን አስረዳኋቸው፡፡ ሽማግሌው ቾፕስቲካቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ፡፡ ከዚያ «ሁለቱም ሰውን ከገበታው ቶሎ እንዳይነሣ የማቆያ ዘዴዎች ናቸው» አሉ፡፡ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አላገኘሁለትም፡፡ እኔ ለአራተኛው የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ እሳቸው ሦስተኛውን፡፡ ወጣት በነበሩ ጊዜ እሳቸውም የመጀመሪያውን ይመርጡ እንደነበር ነገሩኝ፡፡

ስሙ የማን ነው?

የሕግ ሰው ነኝና ምግቡ ሳይበርድ ወደ ሙግቱ ገባሁ፡፡ ሂትሱማቡሺን የፈጠረው ማን ነው? በአትሱታ ሰፈር፣ ከታላቁ የአትሱታ የሺንቶ ቤተ መቅደስ አቅራቢያ፣ በ1873 የተቋቋመ አትሱታ ሆራይኬን የሚባል ምግብ ቤት አለ፡፡ ሰፈሩ በድሮው ዘመን ከኪዮቶ ወደ ቶኪዮ በሚወስደው የቶካይዶ ጎዳና ላይ መንገደኞች የሚያድሩበትና በጀልባ የሚሻገሩበት ቦታ ነበር፡፡ ቤቱ እንደሚተርከው የታዘዘው የኡናጊ ሩዝ በሸክላ ሳህን ሲመላለስ ዕቃው እየተሰበረ አስቸገረ፡፡ ስለዚህ የማይሰበር ትልቅ የእንጨት ዕቃ ተሠራና ለብዙ ሰው የሚሆነው በአንድ ላይ ተላከ፡፡ ተጋባዦቹ ግን ዓሣውን እየመረጡ ይጨርሱና ሩዙ ይተርፋል፡፡ መፍትሔው ዓሣውን ከትፎ ከሩዙ ጋር ማዳረስ ሆነ፡፡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ሥጋው ወዳለበት የሚቆርስ ወንድም ያለው ሁሉ ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም፡፡

ይሁንና በዚያችው ናጎያ ሌላ ነባር ቤት እኔ ነኝ የጀመርኩት ይላል፤ በአጎራባቹ የሚዬ ክፍለ ሀገር ያለችው የትሱ ከተማም የራሷ የይገባኛል ጥያቄ አላት፡፡ ማን ፈጠረው የሚለው ክርክር እልባት ባያገኝም፣ ማን አስመዘገበው የሚለው ግን ጥያቄ የለውም፡፡ «ሂትሱማቡሺ» የሚለውን ቃል አትሱታ ሆራይኬን በ1987 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቦታል፡፡ ዛሬ ምግቡ በመላ ጃፓን ይሸጣል፤ አንዳንዱ ቤት አጻጻፉን ለወጥ እያደረገ ይጠቀምበታል፡፡ የሕዝብ የሆነ የምግብ ስም የአንድ ቤት ምልክት ሊሆን ይገባዋልን? ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው፡፡ «ስሙን ያስመዘገበ ሰው ስሙን የማሳደግም ግዴታ አለበት፡፡ እነሱ አሳድገውታል» አሉኝ፡፡

ጃፓን ከ2006 ጀምሮ ሌላ መንገድም ከፍታለች፡፡ የቦታ ስምንና የምርት ስምን አጣምሮ የአካባቢው ማኅበር በጋራ የሚያስመዘግብበት ሥርዓት ነው፡፡ ለናጎያ ቤቶች ዓሣውን ከሚያቀርቡት ዋነኛዋ፣ በያሃጊ ወንዝ ውኃ ኡናጊ የምታረባው የኒሺዮዋ ኢሺኪ፣ ስሟን ያስከበረችው በዚህ ሥርዓት ነው፡፡

እዚህ ላይ የኛ ነገር ትዝ አለኝ፡፡ ኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስትነሣ ተቃውሞ ገጥሟት፣ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በ2007 በስምምነት መቋጨቱን አንባቢ ያስታውሳል፡፡ ብዙ ያልተወራለት የጃፓኑ ክርክር ነው፡፡ እዚያ ሲዳሞና ይርጋጨፌ ከተመዘገቡ በኋላ የአገሪቱ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ «የቦታ ስም ናቸው» አለ፡፡ የፓተንት ቢሮውም ተቀበለው፡፡ ጉዳዩ የአእምሯዊ ንብረት ክርክሮችን ለሚያየው የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2010 ሲወሰን፣ ፍርድ ቤቱ ስሞቹ ለጃፓን ሸማች ከተራ የቦታ ስምነት ይልቅ የቡና መለያ ሆነው እንደሚታወቁ ተቀበለ፡፡ ሽማግሌው ጉዳዩን ያውቁታል፤ «ከናንተ ወገን ሆኜ ነው የተከታተልኩት» አሉኝ፡፡ ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፡፡ ስም ሀብት ነው፤ ቀድሞ ያላስመዘገበ ሰው በራሱ ስም ባዕድ ይሆናል፡፡

ዓሣውስ የማን ነው?

ገበታው ተነሥቶ ሻይ ሲቀርብ ነው ሽማግሌው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚበሉበትን ምክንያት የነገሩኝ፡፡

ዛሬ ጃፓን ውስጥ የሚበላው ኡናጊ ከሞላ ጎደል በሙሉ በኩሬ የረባ ነው፡፡ ይህን የሰማ ሰው እንደ ዶሮ ከእንቁላል ጀምሮ የሚራባ ይመስለዋል፡፡ አይደለም፡፡ በኩሬው የሚያድገው እያንዳንዱ ኡናጊ ከዚያ ሩቅ ባሕር ተጉዞ የወንዝ አፍ ላይ በመረብ የተያዘው ያ ጥቃቅን ዓሣ ነው፡፡ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2010 ከእንቁላል እስከ እንቁላል ያለውን ዑደት በቤተ ሙከራ ማሟላት ቢችሉም፣ በዚህ መንገድ የሚገኝ ጫጩት አሁንም ከባሕር ከሚያዘው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፡፡ ስለዚህ ኩሬው ባሕሩን አይተካውም፤ ከባሕሩ እየወሰደ ያደልባል እንጂ፡፡

ባሕሩ ደግሞ እየተራቆተ ነው፡፡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን በዓመት ከ200 ቶን በላይ ይመዘገብ የነበረው የጥቃቅኑ ዓሣ መጠን በ2019 ወደ 3.7 ቶን ወርዷል፡፡ ምክንያቱ አንድ አይደለም፡፡ ከመጠን ያለፈ አጨዳ፣ በግድብና በኮንክሪት የታጠሩ ወንዞችና የባሕር ሞገድ መለዋወጥ በአንድነት ይጠቀሳሉ፡፡ የጃፓን የአካባቢ ሚኒስቴር በ2013፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ደግሞ በ2014 ዓሣውን ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል መዝግበውታል፡፡

ሕጉ ምን አደረገ? ጃፓን ከ2015 ጀምሮ ወደ ኩሬ የሚገባውን መጠን በ21.7 ቶን ገድባለች፡፡ ነገር ግን በበርካታ ዓመታት ከባሕር የተገኘው ከገደቡ በታች ነው፤ የማይደረስበት ገደብ ደግሞ ገደብ መባሉ ያጠያይቃል፡፡ ጥቃቅኑ ዓሣ እንደ ዕንቁ ስለሚወደድ በሌሊት በፋኖስ የሚያጠምድ ሕገወጥም አልጠፋም፡፡ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ያለፈቃድ ያጠመደ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30 ሚሊዮን የን መቀጮ ይጠብቀዋል፡፡ በ2025 መገባደጃ ሳማርካንድ ላይ በተካሄደው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጉባኤ፣ የዚህን ዓሣ ዝርያዎች ንግድ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ለማዋል የአውሮፓ ኅብረት ያቀረበው ሐሳብ ጃፓንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ተቃውሞ ወድቋል፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት የተማርነው ባለቤት የሌለው ነገር፣ ቀድሞ የያዘው የሚያገኘው ነገር የሚባለው ይኸው ነው፡፡ የምግቡ ስም ባለቤት አለው፣ ምልክቱም በየአሥር ዓመቱ እየታደሰ ለዘለዓለም ሊኖር ይችላል፡፡ የስጎው ማሰሮ ወራሽ አለው፡፡ ዓሣው ግን ማሪያና አጠገብ ተወልዶ፣ የአራት አገር ወንዝ ውስጥ አድጎ፣ የማንም ሳይሆን ይጠፋል፡፡ ዓሣውን የሚያድስ መዝገብ ቤት የለም፡፡

ሽማግሌው «በልጅነቴ ኡናጊ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ ይያዝ ነበር» አሉ፡፡ «ባህላችን ነው ስንል ማንም አይከራከረንም፡፡ ግን በየሱፐርማርኬቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ሳይሸጥ ሲቀር የሚጣለው ባህል ነው እንዴ? ስለዚህ እኔ በራሴ ላይ አዋጅ አወጣሁ፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥሩ ቤት፣ ከጥሩ ሰው ጋር፡፡ የልጅ ልጄ በሰማንያ ዓመቷ እዚህ እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ፡፡» አንድ ሰው ቢተው ምን ለውጥ ያመጣል ልላቸው አስቤ ነበር፡፡ አገራችን ውስጥ ስንት የጾም ሥርዓት በአንድ በአንድ ሰው ፈቃድ እንደቆመ ሳስብ አፌን ያዝኩ፡፡

ለሚሄድ ሰው

ናጎያ የሚያልፍ አንባቢ ካለ ጥቂት ምክር ልስጥ፡፡ ታዋቂዎቹ ቤቶች ረዥም ሰልፍ አላቸውና በጠዋት ደርሶ ተራ መያዝ ይበጃል፡፡ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ የሚውለው «የበሬ ቀን» መላው ጃፓን ኡናጊ የሚበላበት ስለሆነ ያን ቀን ይሽሹት፡፡ ልማዱ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ሂራጋ ጌናይ የተባለ ሊቅ ገበያ ለቀዘቀዘበት ኡናጊ ሻጭ ከጻፈለት ማስታወቂያ የመጣ ነው ይባላል፡፡ ዋጋው በደህና ቤት ለአንድ ሰው ከ4,000 የን በላይ ነው፤ ጉርሻ መስጠት ግን አያስፈልግም፣ አይለመድምም፡፡ ቸኩለው ሁሉንም እንዳያቀላቅሉት፡፡ መጀመሪያ አራት ቦታ ይክፈሉት፤ መረቁን ከዕቃው ውስጥ ሳይሆን ከሳህንዎ ላይ ያፍስሱ፡፡ ጥቃቅን አጥንት ቢያጋጥምዎ አይደንግጡ፤ የሚታኘክ ነው፡፡ ሙስሊም ወገኖቼ ስጎው ውስጥ ያለው ሚሪን አልኮል መሆኑን ይወቁ፡፡ ቅርፊት የሚቆጥር አንባቢ ደግሞ የኔን ክርክር ሳይሆን የገዛ ኅሊናውን ይስማ፡፡

ስንለያይ ሽማግሌው ባቡሩ ድረስ ሸኙኝ፡፡ የአበበን ሩጫ እንደገና አነሡና «በሚቀጥለው ዓመት ቢመጡ የዚያን ዓመቱን አቆይልዎታለሁ» አሉኝ፡፡ እኔም ስመጣ ይርጋጨፌ ቡና ይዤ እንደምመጣ፣ ሦስቱንም ስኒ እንደማጠጣቸው ቃል ገባሁ፡፡ ለንስሐ አባቴ ጉዳዩን እስካሁን አላነሣሁም፡፡ ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ግን ክሱ በራሴ እጅ ተጽፎ ቀርቧል ማለት ነው፡፡